ጂኦፖሊመር የሚፈልገው ውሃ ሳይሆን ሙቀት ነው

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂዎቹ ብሎኬትና የእግረኛ መንገድ ታይል የሚያመርቱ ወጣቶች ናቸው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ሲሚንቶ ሲወደድብን ጊዜ ጂኦፖሊመር የሚባለውን፣ በሲሚንቶ ፋንታ በኬሚካል የሚያያዝ ድብልቅ፣ ሞከርን። ፑሚስ የሚባለውን ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በወፍጮ ቤት አስፈጨን፣ ነጭ አፈር በሸክላ እቶን አቃጠልን፣ ሁለቱን ቀላቅለን በኮስቲክ ሶዳና በሶዲየም ሲሊኬት አቦካነው። ተጣብቆ ሲያስቸግረን ውሃ ጨመርንበት። የሠራነው ታኅሣሥ ላይ ነው። እንደ ሲሚንቶው ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣነው። በ28ኛው ቀን የሙከራ ኪዩቡን ስናስጨምቅ ጥንካሬው 9 ሜጋ ፓስካል ብቻ ወጣ። ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት ይወጣል፣ አንዳንዱም ተሰንጥቋል። ሶዳውን እንጨምር? ጥንካሬውንና ዕድሜውን እንዴት እናሻሽል? ለሁለት ፎቅ ቤት ኮለንስ ይሆናል?»

ሰላም ወንድሞቼ።

መልሱን ላስቀድም። ሶዳውን አትጨምሩ። ብሎኬታችሁን ያላላው የኬሚካል ማነስ አይደለም። ዱቄቱ ሻካራ ነው፣ ውሃው በዝቷል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በታኅሣሥ ብርድ ውስጥ አስቀምጣችሁ ውሃ እያፈሰሳችሁበት ነው የከረማችሁት። ጂኦፖሊመርን በሲሚንቶ ልማድ ከያዛችሁት ምንም ያህል ሶዳ ብታፈሱበት አይጠነክርም። ነጩ ዱቄት ብቻ ይብስባችኋል።

ሙከራችሁን ግን በጣም ነው የወደድኩት። 9 ሜጋ ፓስካል ማለት ነገሩ መያያዝ ጀምሯል ማለት ነው። አፈራችሁም ፑሚሳችሁም የሚጣል አይደለም።

ከውሃው ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ። ሁላችንም «ሲሚንቶ ውሃ ይወዳል» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። እውነት ነው። ሲሚንቶ ውስጥ ውሃው ራሱ የድንጋዩ አካል ይሆናል፣ ከሲሚንቶው ጋር ተዋህዶ አዲስ ማዕድን ይሠራል፣ ስለዚህ ቶሎ ከደረቀ ሥራው ይቆማል። ጂኦፖሊመር ውስጥ የሚሆነው ሌላ ነው። ሶዳው በዱቄቱ ውስጥ ያሉትን ሲሊካና አሉሚና የሚባሉ ማዕድናት ይፈታል። የተፈቱት ተመልሰው እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ መጀመሪያ እንደ ሰንሰለት፣ ከዚያ እንደ መረብ። ውሃው በዚህ ሁሉ ውስጥ ተሸካሚ ነው እንጂ የመረቡ አካል አይደለም። መረቡ ሲጠብቅ ውሃው ወደ ውጭ ይገፋል፣ የነበረበት ቦታም ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ውሃ ሲበዛ ቀዳዳው ይበዛል፣ ጥንካሬው ይወርዳል፣ ጨውም ዝናብም የሚገባበት መንገድ ይከፈታል።

ምን ያህል እንደሚወርድ በቁጥር ላሳያችሁ። በአውስትራሊያ ከርቲን ዩኒቨርሲቲ በፍላይ አሽ፣ ማለትም በከሰል ድንጋይ ማመንጫዎች ጭስ ማውጫ ላይ በሚያዘው ደቃቅ አመድ፣ ብዙ ሥራ ተሠርቷል። እዚያ ከወጡት የድብልቅ ቅመራ መነሻዎች አንዱ እንዲህ ይላል፦ በድብልቁ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ውሃ ለጠጣሩ ክፍል ያለው ምጣኔ 0.20 ሲሆን 40 ሜጋ ፓስካል ገደማ ይጠበቃል፣ 0.24 ሲሆን ወደ 30 ይወርዳል። ይህ በ60 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ለሞቀ ነው። ልብ በሉ፣ ጠጣር የሚባለው ዱቄቱና ፈሳሹ ውስጥ የሟሟው ሶዳና ሲሊኬት እንጂ አሸዋና ጠጠሩ አይደለም። የእናንተ ዱቄት ፑሚስና የተቃጠለ አፈር ስለሆነ ከፍላይ አሽ የበለጠ ፈሳሽ ይጠይቃል፣ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ አትገልብጡት። አቅጣጫው ግን ያው ነው። ለ10 ኪሎ ዱቄት ግማሽ ሊትር ውሃ «ትንሽ ነው» ብላችሁ ስትጨምሩ ሜጋ ፓስካሉን እየቀነሳችሁ ነው።

ድብልቁ ሲጣበቅ ውሃ አትጨምሩ። ማሽኑን ትንሽ ረዘም አድርጋችሁ አዙሩት፣ ወይም ቫይብሬተሩን አጠንክሩት። ጂኦፖሊመር ወፍራም ማር ይመስላል፣ በእጅ ሲይዙት ደረቅ ነው፣ ሲንቀጠቀጥ ግን ይፈሳል። ለብሎኬት ማሽን ደግሞ ደረቅ ያለው ነው የሚመቸው። ጠጠሩንና አሸዋውንም አስቡበት። ደረቅ ፑሚስ ጠጠር ፈሳሹን ይመጥባችኋል፣ በዝናብ የራሰ አሸዋ ደግሞ ያልተቆጠረ ውሃ ያመጣል። ጠጠሩን ከአንድ ቀን በፊት አርሳችሁ ላዩን አድርቁት። ውስጡ የጠገበ፣ ላዩ ደረቅ ሲሆን ነው ልክ የሚሆነው።

ጠዋትና ማታ ማጠጣቱን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተዉት። ገና ያልተያያዘውን ሶዳ እያጠባችሁ ታወጡታላችሁ፣ ብሎኬቱንም ታቀዘቅዙታላችሁ። በውሃ ፋንታ ፕላስቲክ። ከፎርማው እንደወጣ፣ ከተቻለም ከነፎርማው፣ በላስቲክ ጠቅልሉት። ዓላማው የራሱ እርጥበት እንዳይወጣ፣ የውጪውም እንዳይገባ ነው። መሰንጠቁ በአብዛኛው ከዚህ ነው የመጣው። የደብረ ብርሃን ቀን ፀሐዩ ጠንካራ፣ ነፋሱ ደረቅ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ላዩ ቶሎ ደርቆ ይሸበሸባል፣ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፣ ስለዚህ ላዩ ይቀደዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሙቀቱ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ የሚደርስበት ቀን አለ፣ ሳሩ ነጭ ሆኖ የሚያድርበትን ጠዋት እናንተው ታውቁታላችሁ። ካልሲየም የሌለው ወይም የሚያንሰው ጂኦፖሊመር በዚህ ብርድ ውስጥ እንቅልፍ ይወስደዋል። የኬሚካል ሥራ በጥቅሉ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከ5 ዲግሪ ወደ 65 ዲግሪ ስትሄዱ ምን ያህል እጥፍ እንደሚሆን አስሉት።

እኔ ይህን በዓይኔ ያየሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አንድ ዓይነት ድብልቅ፣ አንድ ዓይነት ዱቄትና ፈሳሽ፣ ግማሹን ደብረ ብርሃን፣ ግማሹን ሸዋ ሮቢት ሠራን። ከጣርማ በር ወርዳችሁ ደብረ ሲናን ስታልፉ ጃኬት የምታወልቁበትን መንገድ ታውቁታላችሁ፣ ሸዋ ሮቢት ከ1,300 ሜትር አይበልጥም። በማግሥቱ የሸዋ ሮቢቱ በድንጋይ ሲመታ ይጮህ ነበር። የደብረ ብርሃኑን በጥፍሬ ጫርኩት። የተለወጠ ነገር አልነበረም፣ ከአየሩ በቀር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም «ድብልቁ ስንት በስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምመልሰው «የት ነው የምታስቀምጡት?» ብዬ ነው።

የሚፈለገው ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ መሄድ ብዙ አይጠቅምም፣ ነዳጅ ይጨርሳል፣ ከ80 ካለፈና ሽፋኑ ከላላ ደግሞ ውሃው ተንኖ ስንጥቅ ያመጣል። ከማሞቃችሁ በፊት ደግሞ ከጥቂት ሰዓት እስከ 1 ቀን፣ ተሸፍኖ፣ ብርድ በሌለበት ክፍል ይረፍ። ወዲያው ወደ ሙቀት ማስገባት አያስፈልግም፣ ማረፉ ይጠቅመዋል።

ይህን ለማድረግ ፋብሪካ አያስፈልጋችሁም። አንድ ትንሽ ክፍል ሥሩ። ግድግዳውን ድርብ አድርጉና መሃሉን በገብስ ጭድ ጠቅጥቁት፣ ደብረ ብርሃን ጭድ መቼም አይጠፋም። በአንድ በኩል በርሜል ውሃ ጣዱና እንፋሎቱን በቧንቧ አስገቡ። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ስለዚህ እንፋሎቱ ከዚያ አያልፍም፣ ክፍሉን ግን ከ60 እስከ 70 ውስጥ የምታቆዩት እሳቱን እየመጠናችሁ ነው። እንፋሎት ከሆነ ደግሞ መድረቅ የለም። በመካከል ቴርሞሜትር ስቀሉ። ፈሳሹን ስትቀላቅሉም ቀዝቃዛ ጠጠር ላይ አታፍስሱት፣ ጠጠሩ ቀን ፀሐይ ላይ ሲሞቅ ይዋልና ከሰዓት በኋላ አቡኩ። ለመሸፈን ደግሞ ያረጀ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ በላስቲኩ ላይ ጣሉበት፣ ከተማችሁ በዚያ የታወቀች ናት። ቀን ቀን ጥቁር ላስቲክና መስታወት የተደረገበት የፀሐይ ሳጥን ለታይል ብቻውን ብዙ ርቀት ይወስዳል፣ ሌሊቱን ግን ጭዱ ካልያዘው የቀኑ ድካም ይባክናል።

ሙቀቱን ለመቀነስ ሌላ መንገድ አለ፣ ካልሲየም መጨመር። ሌላው ዓለም ለዚህ የሚጠቀመው ከብረት ማቅለጫ ምድጃ የሚወጣውን የተፈጨ ስላግ፣ ማለትም የብረት ዝቃጭ፣ ነው። ከ10 እስከ 30 በመቶ ስላግ ሲገባ ጂኦፖሊመሩ ያለ ሙቀት በክፍል አየር ይጠነክራል። እኛ ጋ ብረት የሚቀልጠው ከቁርጥራጭ በኤሌክትሪክ ምድጃ ስለሆነ እንዲህ ያለ ስላግ በቅርብ አታገኙም። ፍላይ አሽም እንዲሁ፣ ኤሌክትሪካችን ከውሃ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከዱቄቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ተራ ሲሚንቶ አስገቡ። ሲሚንቶ ሸሽታችሁ ወደ ሲሚንቶ መመለስ እንደሚመስላችሁ አውቃለሁ። ግን 90 በመቶውን ትታችሁታል። አንድ ቶን ክሊንከር፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነውን ድንጋይ፣ ለማውጣት የኖራ ድንጋይ እስከ 1,450 ዲግሪ ይነዳል፣ ከድንጋዩና ከነዳጁ ተደምሮ ከ0.8 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ የዓለም ሲሚንቶ በአጠቃላይ ከጠቅላላው የካርቦን ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ ይይዛል። እናንተ ከአሥር አንዱን ብቻ ብትወስዱ አያሳፍርም። ለሚ ላይ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ የተመረቀው የሲሚንቶ ፋብሪካ ያለው በዚያው በሰሜን ሸዋ ነው፣ ለዚህች መጠን ሩቅ አትሄዱም። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ሲሚንቶ ከሲሊኬቱ ጋር ሲገናኝ በፍጥነት ይይዛል፣ አንዳንዴ ማሽኑ ውስጥ እያለ። በትንሽ በትንሹ አቡኩ፣ መጀመሪያም በ5 በመቶ ሞክሩ።

ዱቄቱ። እዚህ ላይ ረዘም ልበል።

የእህል ወፍጮ ፑሚስን አያደቅቅም፣ ይሰባብራል እንጂ። ሶዳው የሚሠራው ከላዩ ጀምሮ ስለሆነ ትልቅ ቅንጣት ውስጡ ሳይነካ ይቀራል፣ ያ ያልተነካው ውስጡ ደግሞ አሸዋ ሆነ ማለት ነው። ቢያንስ በ75 ማይክሮን ወንፊት የሚያልፍ ይሁን፣ 45 ቢሆን ደግሞ ደስ ይለኛል። በጣታችሁ ስትዳብሱት እንደ ፉርኖ ዱቄት መሆን አለበት፣ ቅንጣቱ ከተሰማችሁ ገና ነው። በርሜል አግድም ላይ በሞተር የሚሽከረከር፣ ውስጡ የብረት ኳስ ያለበት ቦል ሚል የብየዳ ሙያ ያለው ሰው ሊሠራላችሁ ይችላል፣ ሰዓታት ይፈጃል እንጂ ይደቅቃል። ከገንዘባችሁ ውስጥ ለኬሚካል የመደባችሁትን ቀንሳችሁ ለዚህ ብታውሉት ትርፉ የበለጠ ነው። ስትፈጩ አፍና አፍንጫችሁን በደንብ በሚይዝ ማስክ ሸፍኑ፣ ይህ አቧራ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም።

ፑሚስ ብቻውን ሰነፍ ነው። ሲሊካው ብዙ፣ አሉሚናው ትንሽ ነው። ነጭ አፈራችሁ ይህን ነው የሚሞላው፣ በትክክል ከተቃጠለ። ካኦሊን የሚባለው ነጭ አፈር ከ650 እስከ 800 ዲግሪ ባለው ውስጥ ሲቃጠል ውስጡ የታሰረው ውሃ ይወጣና ቅርጹ ይፈርሳል፣ ሶዳውም በቀላሉ ይፈታዋል። ካነሰ አልነቃም። ከ900 ካለፈ ደግሞ ተመልሶ ወደ ሌላ ጠጣር ማዕድን መሄድ ይጀምርና ይሞታል። የሸክላ እቶን ደግሞ እኩል አያቃጥልም፣ ዳሩ ሌላ፣ መሃሉ ሌላ ነው። አፈሩን እንደ ባቄላ ፍሬ አድቅቃችሁ በስሱ ዘርግታችሁ አቃጥሉት። በጨለማ ሲታይ ደብዛዛ ቀይ ከሆነ ልክ ነው፣ ወደ ብርቱካን ከሄደ በዝቷል። ቴርሞኮፕል የሚባለውን የእቶን ሙቀት መለኪያ ብትገዙ ደግሞ ከግምት ትድናላችሁ።

አፈራችሁ በእውነት ካኦሊን መሆኑንና መቃጠሉን በሚዛን ማወቅ ትችላላችሁ። በ105 ዲግሪ አካባቢ በደንብ የደረቀ አፈር መዝኑ፣ አቃጥሉ፣ መልሳችሁ መዝኑ። ንጹሕ ካኦሊን ከክብደቱ 14 በመቶ ገደማ ያጣል። የእናንተ 7 ካጣ ወይ ግማሹ ሌላ አፈር ነው፣ ወይ በደንብ አልተቃጠለም። ያንኑ ናሙና ደግማችሁ በጠነከረ እሳት አቃጥሉት፣ ክብደቱ እንደገና ከወረደ የእሳት ጉዳይ ነበር ማለት ነው፣ ካልወረደ አፈሩ ነው። ይህ ሙከራ ከሚዛንና ከእሳት በቀር የሚጠይቀው ወጪ የለም። ነጩ አልቆባችሁ ከእርሻው ላይ ዋልካ እንዳትሞክሩ። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሌላ ዓይነት ሸክላ ነው፣ ለዚህ ሥራ መነሻ አይሆናችሁም።

እሺ፣ ፈሳሹ። ሶዳ ጨምሩ ያልኩት የለም፣ ግን መጠኑን በልክ ማወቅ አለባችሁ። «ሁለት ኩባያ» አይሠራም፣ በሚዛን ይሁን። ሞላር የመፍትሔው ጥንካሬ መለኪያ ነው። 8 ሞላር የምንለውን ለማዘጋጀት በ1 ኪሎ መፍትሔ ውስጥ 262 ግራም ኮስቲክ ሶዳ አለ፣ የቀረው 738 ግራም ውሃ ነው። 10 ሞላር ከሆነ 314 ግራም፣ 14 ሞላር 404 ግራም። እናንተ 14 ላይ ነበራችሁ ብዬ እገምታለሁ፣ «ጠንካራው ይሻላል» ተብሎ ብዙ ሰው እዚያ ነው የሚጀምረው። ለሙከራ እኔ እንዲህ ብጀምር ደስ ይለኛል፦ 6 ኪሎ የደቀቀ ፑሚስ፣ 3 ኪሎ ከ500 ግራም የተቃጠለ ነጭ አፈር፣ 500 ግራም ሲሚንቶ፣ በድምሩ 10 ኪሎ ዱቄት። ፈሳሹ 5 ኪሎ፣ ከዚያ 2 ኪሎው የ8 ሞላር ሶዳ መፍትሔ፣ 3 ኪሎው ሶዲየም ሲሊኬት። አሸዋና ጠጠሩ ተደምሮ 40 ኪሎ አካባቢ። ይህ መነሻ ነው፣ ከዚህ ፈሳሹን በ200 ግራም እየቀነሳችሁ ማሽኑ እስከሚፈቅድላችሁ ውረዱ። ሲሊኬት ሁሉ አንድ አይደለም፣ ስለዚህ ስትገዙ በመያዣው ላይ የተጻፈውን የሶዲየም ኦክሳይድና የሲሊካ መጠን ጠይቁ። 14.7 በመቶ ሶዲየም ኦክሳይድና 29.4 በመቶ ሲሊካ ያለው ከሆነ ከላይ በሰጠኋችሁ ስሌት ጠቅላላው ሶዲየም ኦክሳይድ ከዱቄቱ 8.5 በመቶ ገደማ ይሆናል፣ ይበቃል። ከ10 በላይ ከሄዳችሁ የነጩ ዱቄት ጉዳይ ይመለሳል፣ ወጪውም ይንራል። የአካባቢው ነገርም አለበት። ሶዳና ሲሊኬት ራሳቸው በብዙ ጉልበት የሚመረቱ ናቸው፣ ኬሚካሉ ሲበዛ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚለው ስም ባዶ ይሆናል።

መፍትሔውን ከአንድ ቀን በፊት አዘጋጁት። ሶዳ ውሃ ውስጥ ሲገባ በጣም ይግላል፣ ትኩሱን ከዱቄቱ ጋር ከቀላቀላችሁት ሳትጨርሱ ይይዝባችኋል። ሁልጊዜ ሶዳውን ወደ ውሃው ጨምሩ፣ ውሃውን ወደ ሶዳው በፍጹም፤ ይፈነጥቃል። የአሉሚኒየም ድስት ወይም ባልዲ አትጠቀሙ፣ ሶዳው ይበላውና የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ወፍራም ፕላስቲክ ይሁን። መነጽርና ረጅም ጓንት ሳይኖር ማንም አይንካው፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ዓይን ውስጥ ከገባ ሌላ ነገር ሳትፈልጉ፣ ሎሚም ወተትም ሳትሉ፣ በንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ሳታቋርጡ እጠቡና ሐኪም ቤት ሩጡ። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምላችሁ፣ አንድ የማውቀው ልጅ ዓይኑን ለጥቂት ነው የተረፈው።

ስለ ነጩ ዱቄት ጥያቄያችሁ። ያ መረቡ ውስጥ ቦታ ያላገኘ ሶዲየም ነው። ከውሃ ጋር ወደ ላይ ይወጣና ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተገናኝቶ ሶዲየም ካርቦኔት ይሆናል። ላዩን ብታጥቡት ለጊዜው ይጠፋል፣ ምክንያቱ ግን ውስጥ ነው። ሶዳውን መቀነስ፣ አሉሚና ያለውን አፈር መጨመርና ማሞቅ፣ ሦስቱም በአንድ ላይ ይሠራሉ፣ ምክንያቱም ሶዲየሙ መረቡ ውስጥ የሚታሰረው በአሉሚናው በኩል ነው። እንዴት ታውቁታላችሁ? አንድ ታይል 2 ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ አቁሙትና ጥላ ላይ ለ1 ሳምንት ተዉት። ውሃውን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ትርፍ ጨው ካለ ከውሃው መስመር በላይ ነጭ ቀበቶ ይሠራል። ቀበቶው በየሙከራው እየጠበበ መሄድ አለበት።

ለመሰንጠቁ ቃጫ ለመጨመር ካሰባችሁ ተዉት። ሶዳው ማንኛውንም የእፅዋት ክር በጊዜ ይበላዋል። የሚሻለው ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው የፕላስቲክ ክር ነው፣ እሱም በትንሹ። ከዚያ በፊት ግን ውሃውን ቀንሱና በላስቲክ ጠቅልሉ፣ ምናልባት ክሩም አያስፈልጋችሁ ይሆናል።

ዕድሜው። ሰው ጥንካሬን ብቻ ይለካና ዕድሜን ይረሳል። የእናንተ ታይል ደብረ ብርሃን ላይ የሚጣላው ከሁለት ነገር ጋር ነው፣ ከክረምቱ ዝናብና ከበጋው ውርጭ። ሁለቱም የሚገቡት በቀዳዳ ነው። ስለዚህ ከኪዩቡ ጎን ለጎን ውሃ መጠጣቱን ለኩ። ደረቁን መዝኑ፣ 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ላዩን ጠርጋችሁ መዝኑ። ሌላ ፈጣን መፈተኛ ደግሞ አለኝ፦ አንድ ስባሪ ውሃ ውስጥ ለ1 ሰዓት አፍሉት። በደንብ የተያያዘ ከሆነ ጠርዙ እንደሾለ ይቀራል። ከተፈረፈረ ወይም ውሃው ሙልጭልጭ ካለ፣ ያጠነከረው ሲሊኬቱ መድረቁ ብቻ ነበር፣ መረብ አልተሠራም። የእናንተን 9 ሜጋ ፓስካል ያለውን ስባሪ ዛሬ ማታ አፍሉትና እዩት፣ የማይረሳ ትምህርት ነው። ለታይሉ ደግሞ ቀን ፀሐይ ላይ፣ ሌሊት ውሃ ውስጥ፣ ለ1 ወር እያፈራረቃችሁ ጠርዙ መላጡን ተከታተሉ።

በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ጂኦፖሊመር ከሲሚንቶ የሚበልጥበት ቦታ አለ። አሲድ። ሲሚንቶ ውስጥ ያለውን ኖራ አሲድ ቶሎ ይበላዋል፣ ካልሲየሙ ትንሽ የሆነው ጂኦፖሊመር ግን የሚበላ ኖራ የለውም ማለት ይቻላል። እሳትንም ይችላል። ስለዚህ የመጸዳጃ ጉድጓድ ክዳን፣ የከብት ቤት ወለል፣ የምድጃ ክፍል፣ የፍሳሽ ቦይ ጥሩ ገበያ ነው። በሰሜን ሸዋ በግና ላም ያለው ሰው ሽንት የሚበላውን ሲሚንቶ ወለል በየጊዜው ሲጠግን አይቻለሁ።

ኮለኑ? አሁን አይሆንም። ነገሩ በዓለም ላይ አይሠራም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 ኪየቭ ውስጥ ግሉኮቭስኪ የተባለ ተመራማሪ በሶዳ የሚነቃ ማያያዣ ሠርቷል፣ «ጂኦፖሊመር» የሚለውን ስም ፈረንሳዊው ኬሚስት ዳቪዶቪትስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አወጣው፣ አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የዌልካምፕ አውሮፕላን ማረፊያ 40,000 ሜትር ኩብ ገደማ ጂኦፖሊመር ፈስሶበታል፣ አውሮፕላን ይቆምበታል፣ ይንቀሳቀስበታል። እነሱ ግን በየቀኑ የሚለካ ጥሬ ዕቃና ላብራቶሪ ነበራቸው። የእኛ የግንባታ ኮድ የተጻፈው ለተለመደው ሲሚንቶ ነው። ካልሲየም የሚያንሰው ጂኦፖሊመር ደግሞ ቀዳዳው ከበዛ የአየሩ ካርቦን ቶሎ ይገባበታል፣ ፌሮው ይዝጋል፣ የሚታየውም ከዓመታት በኋላ ሰው ከገባበት በኋላ ነው። ሲ-25 የሚባለውን የኮንክሪት ደረጃ ያወጣ ኪዩብ በእጃችሁ ቢኖርም እንኳን ኃላፊነት የሚወስድ መሐንዲስ ሳይፈርምበት ፌሮ ያለበት ነገር አታፍስሱ።

ቀጣዩ ሥራችሁ ይሄ ይሁን። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። የመጀመሪያው ሳምንት ድብልቁን ሳትነኩ፣ ውሃ ሳታጠጡ፣ በላስቲክ ጠቅልላችሁ 24 ሰዓት አሙቁት። ሁለተኛው ሳምንት ዱቄቱን አድቅቁ። ሦስተኛው ሳምንት ሶዳውን ወደ 8 ሞላር አውርዱ። ሲሚንቶውን በመጨረሻ። ለእያንዳንዱ ስድስት ኪዩብ፣ ሦስቱን በ3ኛው ቀን፣ ሦስቱን በ28ኛው ቀን አስጨምቁ፣ የሞቀ ጂኦፖሊመር አብዛኛውን ጥንካሬውን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚይዝ በ3ኛው ቀን ብዙ ነገር ታውቃላችሁ። ደብተር ያዙ፣ የክፍሉን ሙቀትም በየ3 ሰዓቱ ጻፉ፣ ሌሊቱን ጨምሮ። የመጀመሪያውን ሳምንት ውጤት ስታገኙ ቁጥሩንና የተሰበረውን ኪዩብ ውስጡን በፎቶ ላኩልኝ። ነጭ ነጠብጣብ ወይም ያልደቀቀ ፑሚስ ካየሁ ከዚያ እንቀጥላለን።